የ1968ቱ የዲሲ ቃጠሎ፦ ስለ ዩ ስትሪትና 14ኛው ጎዳና ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ዲሲ ኖሮ ዩ ስትሪትን የማያውቅ ሐበሻ የለም። ክትፎ የተበላበት፣ የሙሽራ መኪና የቆመበት፣ ሌሊት ታክሲ የተነዳበት ሰፈር ነው። እዚያ ያደጉ የዕድሜ ባለጸጋ ጥቁር አሜሪካውያን ግን ስለዚያ መንገድ ማውራት ሲጀምሩ ብዙ ጊዜ ወሬያቸው ጭስ ላይ ይደርሳል። ስለዚያ ጭስ ሰው ደጋግሞ የሚጠይቀኝን እዚህ ሰብስቤያለሁ። ዓመትና ወሩ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ ሰዓቱ ግን በእኛው።

ምን ተፈጠረ?

ሐሙስ፣ ኤፕሪል 4 ቀን 1968። ዶክተር ማርቲን ሉተር ኪንግ ሜምፊስ ከተማ ባረፉበት ሞቴል ሰገነት ላይ ቆመው ሳለ በጥይት ተመቱ። ሜምፊስ የሄዱት አድማ የመቱ ቆሻሻ አንሺ ሠራተኞችን ለመደገፍ ነበር። መሞታቸው ዋሽንግተን የተሰማው ማታ 2 ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው።

ሰው 14ኛው ጎዳናና ዩ ስትሪት የሚገናኙበት መስቀለኛ ላይ መሰብሰብ ጀመረ። ቦታው በአጋጣሚ የተመረጠ አይደለም። አውቶብስ የሚቀየርበት፣ ሁሌም ሰው የማይጠፋበት ማዕዘን ነው። የኪንግ ድርጅት የዋሽንግተን ቢሮም እዚያው አካባቢ ነበር። መጀመሪያ የወጣው ሰው የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሱቆች ለሟቹ ክብር ይዘጉ። ብዙዎቹ ዘጉ። 3 ሰዓት ተኩል ገደማ ግን የአንድ ፋርማሲ መስታወት ተሰበረ። ከዚያ በኋላ ነገሩ ከማንም እጅ ወጣ። ዝርፊያው 14ኛውን ጎዳና ይዞ ሽቅብ ወጣ።

አርብ ጠዋት የበረደ መስሎ ነበር። ቀትር ላይ ግን እሳቱ በ7ኛው ጎዳናና ከከተማው ማዶ ባለው ኤች ስትሪት ጭምር ተነሣ። ትምህርት ቤቶች ተማሪዎቻቸውን ቀድመው ለቀቁ። የመንግሥት ሠራተኛው ሁሉ በአንድ ጊዜ መኪናውን አስነሥቶ ወደ ቤቱ ሲሮጥ መንገዱ ተቆለፈ። ዘራፊዎች ከዋይት ሐውስ ጥቂት ብሎኮች ርቀት ላይ ደረሱ። ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን ጦር አዘዙ፤ ሰዓት እላፊ ታወጀ። የባሕር ኃይል እግረኞች በኮንግረስ ሕንጻ ደረጃዎች ላይ መትረየስ ተከሉ። በጠቅላላው 13,600 ያህል ወታደር ገባ። እሑድ ዕለት፣ ለፈረንጆቹ ሆሳዕና ነበር፣ ከተማው ጸጥ ማለት ጀመረ።

ስንት ሰው ሞተ?

ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ቁጥር 13 ነው። አብዛኞቹ ማንም ተኩሶባቸው አይደለም የሞቱት፤ በሚነድዱ ሱቆች ውስጥ መውጫ አጥተው ነው። ከ1,000 በላይ ሰው ቆሰለ፣ ከ6,000 በላይ ታሰረ፣ ከ1,200 በላይ ሕንጻ ተጎዳ።

ለዚያ ሁሉ ወታደር 13 ሰው አይበዛም። ለምን አልተኮሱም?

በዲሲ ታሪክ ውስጥ በጣም የምወደው ክፍል ይህ ነው። ከተማውን ያስተዳድሩ የነበሩት ዋልተር ዋሽንግተን የሚባሉ ጥቁር ሰው ናቸው። ሕዝብ አልመረጣቸውም፤ በ1967 ጆንሰን ነበር የሾሟቸው። እሳቸው በኋላ እንደተናገሩት የኤፍ ቢ አይ ኃላፊው ኤድጋር ሁቨር ዘራፊዎች እንዲተኮስባቸው ግፊት አድርጎባቸዋል። እሳቸው አሻፈረኝ አሉ። ዕቃ ይተካል፣ ሰው አይተካም የሚል ነበር ሐሳባቸው። ፖሊስና ወታደሩ በአስለቃሽ ጭስ፣ በሰዓት እላፊና በጅምላ እስር ላይ አተኮረ።

በተመሳሳይ ቀናት ቺካጎም ነድዳለች። የቺካጎው ከንቲባ ሪቻርድ ዴሊ ግን ቃጠሎው ካለፈ በኋላ ቆመው፣ እሳት ለኳሽን ለመግደል፣ ዘራፊን ደግሞ አካሉን ለማጉደል እንዲተኮስ ማዘዝ ነበረብን የሚል ንግግር አድርገው አገር ጉድ አሰኙ። ዋልተር ዋሽንግተንን ደግሞ ብዙ የኮንግረስ አባላትና ነጋዴዎች ልል ነበሩ ብለው ወቀሷቸው። ነዋሪው ግን በ1974፣ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ የከንቲባ ምርጫ ሲፈቀድለት እሳቸውኑ መረጠ።

ስቶክሊ ካርማይክል ነው ያስነሣው ይባላል። እውነት ነው?

እሱ በዚያ ሌሊት ቦታው ላይ ነበር። ትሪኒዳድ የተወለደ፣ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ የተማረ፣ "ጥቁር ኃይል" የሚለውን መፈክር አገር ያሰማ ወጣት ነው። ከሱቅ ሱቅ እየዞረ ዝጉ ሲል የነበረው እሱና ጓደኞቹ ናቸው። መስታወት መሰበር ሲጀምር ሰዉን ለመግታት መሞከሩን ያዩ ሰዎች መስክረዋል። በማግሥቱ ግን ለጋዜጠኞች የሰጠው መግለጫ የሚያበርድ አልነበረም። ባለሥልጣናቱም ሁሉንም በእሱ ላይ ለማላከክ ተመቻቸው።

እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ከ100 በላይ ከተሞች በአንድ ሳምንት ውስጥ ሲናወጡ ሁሉም ቦታ ካርማይክል አልነበረም። ሰውዬው ኋላ ስሙን ክዋሜ ቱሬ ብሎ ጊኒ ገባ። በ1998 እዚያው አረፈ።

ለምን የገዛ ሰፈራቸውን ያቃጥላሉ?

ሐበሻ ሁሉ የሚጠይቀው ይህንን ነው። ብዙ ጊዜም ጥያቄው ውስጥ ፍርድ አለ። ስለዚህ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

መጀመሪያ "የገዛ" የሚለውን ቃል እንየው። ሰዉ የሚኖረው እዚያ ነው፤ ሱቁና ሕንጻው ግን በአብዛኛው የሌላ ሰው ነው። ባለቤቱ ማታ ሲሆን ዘግቶ ወደ ሌላ ሰፈር ይሄዳል። ስለዚህ የራሳቸው የሆኑ ጥቁር ባለሱቆች መስታወታቸው ላይ "የነፍስ ወንድም" ማለትም የእናንተው ነኝ የሚል ጽሑፍ በጥድፊያ ለጠፉ። ብዙዎቹ በዚህ ተረፉ። ሁሉም ግን አልተረፉም፤ እሳት ጽሑፍ አያነብም፣ ከጎን ካለው ሱቅ ይሻገራል።

ቀጥሎ የዱቤ ነገር አለ። በዲሲ ድሆች ሰፈሮች የቤት ዕቃ የሚሸጡ መደብሮች በዱቤ ነበር የሚያስወስዱት። ከቃጠሎው አንድ ወር በፊት፣ በማርች 1968፣ የፌዴራሉ ንግድ ኮሚሽን ስለዚሁ ከተማ ጥናት አውጥቶ ነበር። በጅምላ 100 ዶላር የሚገዛ ዕቃ በመደበኛ መደብር 159 ዶላር ሲሸጥ፣ ለድሃ በሚሸጡት መደብሮች ግን 255 ዶላር ነበር። ቁጥሩን ያወጣው የመንግሥት መሥሪያ ቤት እንጂ አክቲቪስት አይደለም።

ዋጋው ብቻ ቢሆን ጥሩ። በ7ኛው ጎዳና የነበረ አንድ የቤት ዕቃ መደብር ያስፈርመው የነበረው ውል በአሜሪካ የሕግ ትምህርት ቤቶች እስከ ዛሬ ይጠናል። ለዓመታት የወሰድካቸው ዕቃዎች ሁሉ፣ የመጨረሻው ሳንቲም እስኪከፈል ድረስ አንዳቸውም የአንተ አይሆኑም። ልጆቿን በመንግሥት ድጎማ የምታሳድግ አንዲት እናት ከዚያ መደብር ለዓመታት ስትገዛ ኖራ በ1962 የ514 ዶላር ከ95 ሳንቲም ቴፕ ወሰደች። ክፍያ ሲያቅታት መደብሩ ቴፑን ብቻ ሳይሆን የድሮዎቹንም ዕቃ ሁሉ ልውሰድ አለ። በ1965 የዲሲው ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት እንዲህ ያለ ውል እጅግ ኢፍትሐዊ ከሆነ ላይጸና ይችላል አለ። ዱቤ እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውኃ መሆኑን የምናውቅ ሰዎች ነን፤ ይህ ታሪክ ብዙ ማብራሪያ የሚፈልግ አይመስለኝም።

ቤቱም ያው ነው። ለጥቁር አይሸጥም የሚል አንቀጽ በቤት ሽያጭ ውል ውስጥ መጻፍ የተለመደ ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1948 ፍርድ ቤቶች እንዲህ ያለውን አንቀጽ እንዳያስፈጽሙ ከለከለ። በ1950ዎቹ ደግሞ "ከተማ ማደስ" መጣ። የዲሲ ደቡብ ምዕራብ ሰፈር በሙሉ ማለት ይቻላል በግሬደር ተጠረገ፤ 23,000 ያህል ሰው ተፈናቀለ፣ አብዛኛው ጥቁር ነበር። እነዚያ ሰዎች የት የሄዱ ይመስላችኋል? ብዙዎቹ ቀድሞውኑ ወደተጨናነቁት ሌሎች ሰፈሮች ነው የገቡት።

ፖሊሱስ? ከነዋሪው ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ጥቁር በሆነበት ከተማ ከአምስት ፖሊስ አራቱ ያህል ነጭ ነበር። ነዋሪው ደግሞ ከንቲባ አይመርጥም። ፕሬዚዳንት መምረጥ እንኳ የተፈቀደለት በ1961 የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ነው።

ኪንግ ሲገደሉ የተዳፈነው እሳት ተገለጠ። የዘረፈ ሁሉ ግን ይህን አስቦ ነው የዘረፈው ማለቴ አይደለም። ጫማ ስላማረው የወሰደም ነበር፣ የሰከረም ነበር፣ ሌላው ሲያደርግ አይቶ የተከተለም ነበር። የከሰረ ባለሱቅ ቤተሰብም አለ፤ የዕድሜ ልክ ላቡ በአንድ ሌሊት አመድ ሆኖበታል። ሁለቱም እውነት ነው።

"ረብሻ" ነው ወይስ "አመፅ"?

እንደ ተናጋሪው ነው። ጋዜጦች "ረብሻ" አሉ፣ ብዙ ጥቁር አሜሪካውያን "አመፅ" ወይም "መነሣት" ይላሉ። ለእኛ ይህ እንግዳ አይደለም። በእኛ አቆጣጠር የ1953ቱን የታኅሣሥ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ የቤተ መንግሥቱ ወገን "ግርግር" ሲለው፣ ሌላው ወገን በሌላ ስም ነው የሚጠራው። ስም ወገን ያሳያል። እኔ "ቃጠሎ" የምለው ቢያንስ መቃጠሉን ማንም ስለማይክደው ነው።

ከ1960ዎቹ በፊትም እንዲህ ያለ ነገር ነበር?

ነበር፤ ግን ሌላ መልክ ነበረው። ብዙ ሰው ይህን ያምታታዋል።

በክፍለ ዘመኑ መጀመሪያ "የዘር ረብሻ" ሲባል በአብዛኛው ነጮች በጥቁር ሰፈር ላይ ሲዘምቱ ማለት ነበር። ኢስት ሴንት ልዊስ በ1917፣ ቱልሳ በ1921። ቱልሳ ውስጥ ግሪንዉድ የሚባል የሞላለት የጥቁሮች ሰፈር ነበር፤ 35 ያህል ብሎክ በሁለት ቀን ውስጥ አመድ ሆነ። በ1919 ቺካጎ ውስጥ፣ ሚሺጋን ሐይቅ ላይ አንድ የ17 ዓመት ጥቁር ልጅ በመዋኛው የነጮች ወገን ሲንሳፈፍ በድንጋይ ተመትቶ ሰጠመ፤ ፖሊስ ወርዋሪውን አልይዝም አለ። በቀጣዮቹ ቀናት 38 ሰው ሞተ፤ 23ቱ ጥቁር፣ 15ቱ ነጭ።

በዚያው በጋ፣ በጁላይ 1919፣ ዲሲም ደም ፈሷል። ጋዜጦች ጥቁሮች ነጭ ሴቶችን ያጠቃሉ እያሉ ሲያጋግሉ ከርመው፣ ነጭ ወታደሮችና መርከበኞች መንገድ ላይ ያገኙትን ጥቁር መደብደብ ጀመሩ። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ገና የተመለሱ ጥቁር ወታደሮች ግን ዝም አላሉም። 7ኛው ጎዳናና ዩ ስትሪት አካባቢ ጠመንጃ ይዘው ጣሪያ ላይ ወጥተው ሰፈራቸውን ጠበቁ። አዎ፣ ያው ዩ ስትሪት።

ሌሎቹ ከተሞችስ?

የሎስ አንጀለሱ ዋትስ በኦገስት 1965 የተነሣው ትራፊክ ፖሊስ አንድ ወጣት ሾፌር አስቁሞ ነው፤ 34 ሰው ሞተ። ኒዋርክ በጁላይ 1967 የተነሣው አንድ ጥቁር የታክሲ ሾፌር በፖሊስ ተደብድቦ ነው፤ 26 ሰው ሞተ። ዲትሮይት በዚያው ወር፣ ከቬትናም ለተመለሱ ወታደሮች ግብዣ የተደረገበት ፈቃድ የሌለው መጠጥ ቤት በሌሊት ሲወረር ተነሣ፤ 43 ሰው ሞተ። ሦስቱም ላይ ክብሪቱን የጫረው ፖሊስ መሆኑን ልብ በሉ።

በ1992 ደግሞ ተራው እንደገና የሎስ አንጀለስ ሆነ። ሮድኒ ኪንግ የሚባል ጥቁር ሾፌርን ሲደበድቡ በቪዲዮ የተያዙ ፖሊሶች ነጻ ሲወጡ ከተማው ነደደ፤ ከ60 በላይ ሰው ሞተ። ከሁሉ ይበልጥ የተጎዱት ኮሪያውያን ስደተኛ ባለሱቆች ናቸው። ፖሊስ አልደርስላቸው ብሎ አንዳንዶቹ ጣሪያ ላይ ጠመንጃ ይዘው አደሩ። በጥቁር ሰፈር ሱቅ ያለው ሐበሻ ይህን ታሪክ የሚሰማበት ጆሮ ከሌላው ይለያል።

መንግሥት ምክንያቱን አላጠናም?

አጥንቷል፣ ያውም ቀድሞ። ዲትሮይት ገና እየነደደች ሳለ ጆንሰን በኢሊኖይ ገዥ በኦቶ ከርነር የሚመራ ኮሚሽን አቋቋሙ። ሪፖርቱ የወጣው ኪንግ ከመገደላቸው አምስት ሳምንት ገደማ በፊት ነው። አገሪቱ ወደ ሁለት ኅብረተሰብ እያመራች ነው፤ አንዱ ጥቁር፣ አንዱ ነጭ፣ የተለያዩና እኩል ያልሆኑ፤ ይላል። የፖሊስን አሠራር፣ ሥራ አጥነትንና የቤት ችግርን በምክንያትነት ከፊት አስቀመጠ። ጆንሰን ሪፖርቱ አልተመቻቸውም፤ አልፈውት ሄዱ።

ከቃጠሎው በኋላ በፍጥነት የመጣ አንድ ነገር አለ። በቤት ሽያጭና ኪራይ የዘር አድልዎን የሚከለክለው ሕግ ኮንግረስ ውስጥ ሲጎተት ቆይቶ፣ ኪንግ በሞቱ በሳምንቱ፣ ኤፕሪል 11 ተፈረመ።

ከዚያ በኋላ ሰፈሩ ምን ሆነ?

ምንም። ችግሩም ይኸው ነው። የተቃጠሉት ቦታዎች ብዙዎቹ ሳር በቅሎባቸው ለ20 እና ለ30 ዓመት ባዶ ቀሩ። ኢንሹራንስ ጠፋ፣ ባንክ ሸሸ፣ የቻለ ሰው፣ ጥቁሩም ነጩም፣ ወደ ሜሪላንድ ወጣ። የዲሲ ሕዝብ በ1950 ከነበረበት 802,000 በ2000 ወደ 572,000 ወረደ። በጃዝ ሙዚቀኛው በዱክ ኤሊንግተን ዘመን "የጥቁሮች ብሮድዌይ" የተባለው ዩ ስትሪት የአደንዛዥ ዕፅ ገበያ ሆነ።

በ1980ዎቹ ለምድር ባቡር ሲባል መንገዱ ተቆፈረ፤ ከእሳቱ የተረፉትን ንግዶች ቁፋሮው ጨረሳቸው ይላሉ ነዋሪዎች። ጣቢያው በ1991 ተከፈተ። ከዚያ ቀስ በቀስ ኮንዶሚኒየሙ መጣ፣ ኪራዩም አብሮ ወጣ።

እኛ ሐበሾች እዚያ እንዴት ደረስን?

የመጀመሪያው ትስስር ከሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ነው። ከዩ ስትሪት ትንሽ ሽቅብ ሲወጡ ያለ ነው። በኢጣሊያ ወረራ ጊዜ ጥቁር አሜሪካውያንን ለኢትዮጵያ ያስተባበሩት ዶክተር መላኩ በያን ሕክምና የተማሩት እዚያ ነው።

ብዛት ያለው ስደተኛ የመጣው ግን ከ1974ቱ አብዮት በኋላ፣ በተለይ የ1980ው የስደተኞች ሕግ ከወጣ ወዲህ ነው። መጀመሪያ አዳምስ ሞርጋን፣ 18ኛው ጎዳና ላይ ከተመ። እዚያ ኪራይ ሲወደድ ብዙዎች ወደ ዩ ስትሪትና 9ኛው ጎዳና ወረዱ። ለምን እዚያ? ርካሽ ስለነበር። ለምን ርካሽ ሆነ? ከላይ ያነበባችሁት ነው መልሱ። ያንን ባዶ ሱቅ ጠርጎ፣ ቀለም ቀብቶ፣ እንጀራ አቅርቦ መንገዱን ማታ ማታ እንዲበራ ያደረገው የሐበሻ ላብ መሆኑ አይካድም። ባዶ የሆነበትን ምክንያት ግን አብዛኞቻችን አልጠየቅንም። እኔም ለዓመታት ስበላ እንጂ ስጠይቅ አልነበርኩም።

ታዲያ በ2005 "ትንሿ ኢትዮጵያ" ይባል ሲባል ለምን ተቃወሙ?

9ኛው ጎዳናና ዩ አካባቢ በይፋ በዚህ ስም ይጠራ የሚል ሐሳብ ቀርቦ ነበር። ሎስ አንጀለስ በ2002 ፌርፋክስ ላይ እንዲህ አድርጋለች፤ ያኔ ብዙ ጫጫታ አልነበረም። ዲሲ ላይ ግን አንዳንድ ጥቁር አሜሪካውያን ነዋሪዎች ቅር አላቸው። የኛ ሰው ደግሞ "እኛስ ጥቁር አይደለንም ወይ?" ብሎ ተቀየመ።

እኔ ያኔ ከተቀየሙት አንዱ ነበርኩ። አሁን ሳስበው ጥላቻ አልነበረም። ከተቃጠለበት በኋላ ያልተሠራለት፣ ሲሠራ ደግሞ ኪራዩ ያባረረው ሰው የቀረው ስሙ ብቻ ነው። ያንንም ልቀቅ ሲባል ማን ዝም ይላል?

ሄጄ የማየው ነገር አለ?

አለ። ከዩ ስትሪት ጣቢያ በ13ኛው ጎዳና መውጫ ስትወጡ ቤንስ ቺሊ ቦውል የሚባለው ምግብ ቤት ፊት ለፊታችሁ ነው። ቤንና ቨርጂኒያ አሊ በ1958 የከፈቱት። በቃጠሎው ቀናት ሁሉም ሲዘጋ እነሱ በልዩ ፈቃድ ከሰዓት እላፊ በኋላም ይሠሩ ነበር። ፖሊሱም፣ እሳት አጥፊውም፣ ሰልፈኛውም እዚያው ገብቶ ይበላ ነበር።

ከዚያ ወደ 14ኛው ጎዳና ሂዱ። መጀመሪያ መስታወት የተሰበረበት መስቀለኛ ነው። ከተማው በ1986 ትልቅ የመንግሥት ቢሮ ሕንጻ የሠራው እዚያ ማዕዘን ላይ ነው፤ ሌላው ነጋዴ ይከተላል በሚል ተስፋ። ተመልሳችሁ በዩ ስትሪት ወደ ምሥራቅ ስትሄዱ በርስ በርስ ጦርነቱ የተዋጉ ጥቁር ወታደሮች ሐውልት አለ፤ ስማቸው በሙሉ ተቀርጿል። እሱን አልፋችሁ ትንሽ ስትራመዱ 9ኛው ጎዳና ነው። ቡናው እዚያ ጥሩ ነው። ቅዳሜ ማታ ከሆነ ግን መኪና ይዛችሁ አትሂዱ፣ ማቆሚያ የለም።